ሲዶንያ፦ ፊት ያወጣው ኮረብታ

እስቲ ዛሬ የምድርን ጣጣ ለምድር እንተውና ማርስ ላይ ወዳለ አንድ ሰፈር እንሻገር። ሰፈሩ ሲዶንያ ይባላል። የሚገኘው በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ፣ ጉድጓድ የበዛበት ደጋ አልቆ ሰፊው የሰሜን ሜዳ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። አናታቸው ጠፍጣፋ ኮረብቶች እዚህም እዚያም ተበትነውበታል። የአገራችን ደገኛ ቢያየው "አምባ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ዓለም ግን አላለፈውም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1976 የአሜሪካው ቫይኪንግ 1 መንኮራኩር ለቫይኪንግ 2 ማረፊያ ቦታ ሲያፈላልግ ሲዶንያን ከላይ ፎቶ አነሳ። ያኔ ነው ጉዱ የመጣው! 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ ኮረብታ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ አውጥቶ ወደ ሰማይ ያፈጣል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለነበር ጥላው ጠንካራ ነው። ፎቶው ወደ ምድር ሲላክ በተፈጠረ የመረጃ ስህተት ደግሞ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወድቀውበታል። ከነዚህ አንዷ ልክ የአፍንጫ ቀዳዳው ቦታ ላይ አረፈች።

ናሳ ከቀናት በኋላ ፎቶውን ሲያወጣ "ፊት ያስመሰለው ጥላ ነው" ብሎ ከሥሩ ጽፎበታል። ምን ዋጋ አለው? ፎቶው አገር ላገር ሲዞር ጽሑፉ እዚያው ቀረ።

ከዚያማ ወሬው እግር አወጣ። ቪንሰንት ዲፒየትሮ እና ግሪጎሪ ሞለናር የተባሉ መሐንዲሶች ፀሐይዋ በሌላ አቅጣጫ ሳለች የተነሳ ሁለተኛ ፎቶ አግኝተው "ይኸው፣ ጥላ ብቻ አይደለም" አሉ። ሪቻርድ ሆግላንድ በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ በኮረብታው ዙሪያ ፒራሚዶችና ከተማ ጨመረበት። በ1993 ማርስ ኦብዘርቨር የተባለው መንኮራኩር ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ድምፁ ሲጠፋ፣ አማኞቹ "ናሳ እንዳናይ ነው" አሉ።

በ1998 ማርስ ግሎባል ሰርቬየር ሲዶንያን ፎቶ አነሳ። የታየው ኮረብታ ብቻ ነበር። "ጭጋግ ሸፍኖት ነው" ተባለ። በአፕሪል 2001 ሰማዩ ጠርቶ ድጋሚ ተነሳ። በቫይኪንግ ፎቶ አንዲት ነጥብ 43 ሜትር የምትሸፍን ስትሆን በዚህኛው ከ1.6 ሜትር በታች ነበረች። ፊት የለም፤ ገደልና ናዳ ብቻ። የአውሮፓው ማርስ ኤክስፕረስ በ2006 ያነሳውም ይህንኑ አሳየ።

አእምሯችን ፊት ለማወቅ የተካነ ነው፤ ደመና ላይም ግድግዳ ላይም ያገኘዋል። በማየታቸው አንስቅባቸውም። ቅር የሚለን ሌላ ነው። እነዚህ ኮረብቶች በረጅም ዘመን ተሸርሽረው የቀሩ ናቸው። አንዳንድ ተመራማሪዎች የሰሜኑ ሜዳ ጥንት ውቅያኖስ ነበር፣ ሲዶንያም ዳርቻው ላይ ነበረች ብለው ያስባሉ። አስቡት፣ ባሕር የነበረበት ማርስ! ይህን ያህል ታሪክ ያለው ምድር ለ25 ዓመት በአንድ ጥላ ተሸፍኖ ከረመ።

ዛሬ ደግሞ ፎቶ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተቆርጦ ለመዞር ቀናት አይፈጅበትም፤ ደቂቃ ይበቃዋል። ማስተባበያው ግን አሁንም ያዘግማል። ቀጣዩ "ጉድ" ስልካችን ላይ ሲመጣ፣ ከማስተላለፋችን በፊት ከሥሩ ምን ተጽፎ እንደነበር ብንፈልግ ምን ይለናል?