ፍላሽ የሚገዛው ለጨለማ ነው ወይስ ለፀሐይ?

 

ጥርና ሚያዝያ ሲቃረቡ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ቲቸር፣ ፍላሽ ልገዛ ነው፤ ትልቁን ልግዛ ወይስ ትንሹ ይበቃኛል?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው፣ ካሜራ ይዘው፣ ሰርግና ክርስትና እያነሱ የሚተዳደሩ ልጆች ናቸው። የሚገዙበት ብር የእቁብ ብር ነው፤ አንዳንዱም አባቱ ወይፈን ሸጠው የሰጡት ነው። ስለዚህ «የፈለግከውን ግዛ» ተብሎ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ የካሜራ ነጋዴ አይደለሁም። ግን ነገሩን ሳገላብጠው መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ፎቶ ወደ አገራችን ሲገባ መብራቱ ፀሐይ ነበረች። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ደግሞ በንግሥት ዘውዲቱና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሙያውን ቀጠሉበት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጫን ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሰው ልኮ ነበር፤ ባለ ቀለም ፎቶዎቹም በሰኔ 1931 እ.ኤ.አ. እትሙ ወጡ። የዚያ ዘመን የቀለም ሰሌዳ ደግሞ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ኦቶክሮም የሚባለውን ብንወስድ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ሰከንድ ያህል ብርሃን ይፈልግ ነበር። ባለ ፎቶው ትንፋሹን ይዞ እንደ ሐውልት ይቆማል ማለት ነው። ቤት ውስጥማ አስቡት!

ወደኛው ጎጃም እንምጣ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ የዚያ አገር ካሜራ አንስቷቸዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 እና 1929 እ.ኤ.አ. ጎጃምን ዞሮ አጥንቷል። እንግሊዛዊው ቺዝማን ደግሞ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ፣ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ፎቶ ጨምሮበት አሳተመ። ከዚያ ዘመን የቀሩትን የአገራችንን ፎቶዎች ልብ ብላችሁ እዩማ። አብዛኞቹ ደጅ ናቸው። መኳንንቱ ከአዳራሹ ፊት፣ ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ገበያተኛው ሜዳ ላይ። የሌሊቱ ማኅሌት፣ የምድጃው ዳር ጨዋታ፣ በዳስ ውስጥ የሚዘፈነው ዘፈን፣ ጓዳ ውስጥ እንጀራ የምትጋግረው ሴት፣ እነዚህን እንደ ልብ አናገኛቸውም። ያ ሁሉ ኑሮ አልነበረም? ነበረ እንጂ! ብርሃን ያልደረሰበት ኑሮ ፎቶ ሳይሆን ቀረ።

ፈረንጆቹም ይኼ ችግር ነበረባቸው። በ1887 እ.ኤ.አ. ጀርመኖቹ አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲከ የማግኒዚየም ዱቄትን ከሚያቀጣጥል ኬሚካል ጋር ቀላቅለው የፍላሽ ባሩድ ሠሩ። የኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1880 ዓ.ም. ሣር ውኃ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ከመዋጋታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ጄከብ ሪስ የሚባል ጋዜጠኛ በዚህ ባሩድ የድሆችን ጨለማ ቤት እያነሳ በ1890 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣውና ከተማውን አስደነገጠ። ሰው ያላየውን ድህነት ብርሃን አወጣው። ባሩዱ ግን ባሩድ ነው፤ ሪስ ራሱ ሁለት ጊዜ ቤት እንዳቃጠለበት፣ አንድ ጊዜም ራሱን እንዳያያዘው ጽፏል። ይኼን ይዞ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ የሚገባ ሰው ቢኖር ከፎቶው በፊት ቤቱ ይሄዳል።

ቀጥሎ በ1929 እና 1930 እ.ኤ.አ. አካባቢ የፍላሽ አምፖል መጣ። አምፖሉ ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠልና ኦክስጅን አለ፤ አንዴ ቦግ ይላል፣ ይጣላል። አንድ ፎቶ፣ አንድ አምፖል። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን በታወጀበት በ1931 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን በኤሌክትሪክ ደጋግሞ የሚበራ ፍላሽ ሠራ። አሁን እጃችሁ ላይ ያለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ኤጀርተን ጉልበቱን እያሳደገ ሄዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 እ.ኤ.አ.፣ ከአውሮፕላን ላይ ሌሊት መሬትን የሚያበራ ፍላሽ አድርሷል። የዘመኑ ፊልም ዘገምተኛ ስለነበር ጨለማን ለማሸነፍ ያለው መንገድ ጉልበት መጨመር ነበር።

«ትልቁን ግዛ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚያ ነው። ግን ያ ዘመን አልፏል። እንዴት እንዳለፈ ለማየት አንድ ቁጥር ማወቅ ይበቃል፤ ጋይድ ነምበር ይባላል። በአይኤስኦ 100፣ ጋይድ ነምበሩን በአፐርቸሩ ስታካፍሉት ብርሃኑ የሚደርስበትን ርቀት በሜትር ይሰጣችኋል። ጋይድ ነምበሩ 40 ቢሆንና አፐርቸሩን 8 ላይ ብታደርጉት 5 ሜትር ነው፤ 4 ላይ ብታደርጉት 10 ሜትር። በቃ፣ ከዚህ የከበደ ሒሳብ የለውም።

ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ። አንደኛው የስሙ ቁጥር ነው። ካነን 430 ሲል ጋይድ ነምበሩ 43 ነው፣ 580 ሲል 58 ነው ማለቱ ነው፤ ግን የሚለካው የፍላሹ ጭንቅላት ብርሃኑን በጣም ሰብስቦ ወደ ሩቅ ሲወረውር ነው። የዳስ ሰው ሁሉ እንዲገባ ሰፋ አድርጋችሁ ስታነሱ 58 የተባለው ወደ 39 አካባቢ ይወርዳል። ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ ጉልበትን እጥፍ ማድረግ ርቀትን እጥፍ አያደርግም። ኩራዝን አስቡ፤ አጠገቡ ያለው ልጅ ያነባል፣ ጥግ ያለው ግን አያይም። ብርሃን በራቀ ቁጥር ይሳሳል። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን 5 ሜትር የነበረው 7 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ 10 ሜትር ለማድረስ አራት እጥፍ ያስፈልጋል። በተቃራኒው ፍላሹን ከካሜራው ነቅላችሁ ርቀቱን በግማሽ ብታቀርቡት የአራት እጥፍ ጉልበት በነፃ አገኛችሁ። ጓደኛ ይያዝላችሁ፤ ለሚዜነት ካልሆነ ለፍላሽ ይሁን!

አሁን ትልቁ ለውጥ። በፊልም ዘመን የሚገባላችሁ 100 ወይም 200 ነበር፤ የዛሬው ዲጂታል ካሜራ ግን አይኤስኦ 1600 ላይ ጥሩ ፎቶ ያነሳል። ከ100 ወደ 1600 ስትሄዱ የፍላሹ መድረሻ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ 39 የሆነው ፍላሻችን በአፐርቸር 5.6፣ በአይኤስኦ 100፣ 7 ሜትር ነበር የሚደርሰው፤ በ1600 ግን 28 ሜትር ይደርሳል። 28 ሜትር ዳስ ያለው ሰርግ ስንቱን አይታችኋል? ስለዚህ ለጨለማ ትልቅ ፍላሽ የሚያስፈልግበት ዘመን አልፏል።

«ግን ቲቸር፣ በዩቲዩብ ፍላሹን ወደ ጣሪያ አዙረህ አንሳ ይላሉ፤ እኔ ሳደርገው ይጨልምብኛል» የሚለኝ አለ። ትክክል ነው! እነሱ የሚያወሩት ስለ ነጭ ኮርኒስ ነው። የኛ ገጠር ቤት ጣሪያ ጭስ የጠጣ፣ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው፤ ብርሃኑን ይበላዋል እንጂ አይመልሰውም። በቀለም ያለ ሸራ ድንኳን ደግሞ ሰማያዊ ከሆነ ሙሽራዋን ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ ከሆነ ብርቱካናማ ያደርጋታል። ጥቁር ጣሪያን ትልቅ ፍላሽ ነጭ አያደርገውም። መፍትሔው ቤታችን ውስጥ አለ፤ ጋቢ! ነጭ ጋቢ በዳሱ ቋሚ ላይ ወጥራችሁ ፍላሹን ወደሱ አዙሩት። ብርሃኑ ለስልሶ ይመለሳል። ጉልበቱ በጣም ይቀንሳል፤ 28 ሜትሩ ወደ 10 ወይም 14 ሊወርድ ይችላል። ያም ቢሆን ለዳስ ይበቃል።

ሌላው የኛ አገር ጉዳይ ነጠላ ነው። ፍላሹን አውቶማቲክ ላይ ስታደርጉት ካሜራው ብዙ ነጭ ልብስ ያያል፤ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሰዋል፤ የሰው ፊት ይጠቁራል። ስንት የጥምቀት ፎቶ እንደዚህ ተበላሽቷል! ልጆች ይኼን አይተው «ፍላሼ ደካማ ነው» ብለው ሌላ ሊገዙ ይነሳሉ። ደካማ አይደለም፤ ተታሎ ነው። በእጅ አስተካክሉት፣ ወይም የፍላሹን ማካካሻ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት።

ታዲያ ትልቅ ፍላሽ ለምን ይጠቅማል? ለፀሐይ! ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐያችንን ታውቁታላችሁ። ሙሽሮቹን ሜዳ ላይ ስድስት ሰዓት ላይ አቁማችሁ ስታነሱ የዓይናቸው ጉድጓድ ይጠቁራል፤ ባለ ጥምጥሙ ቄስማ ግንባራቸው ሁሉ ጥላ ነው። ያንን ጥላ ለመሙላት ፍላሹ ከፀሐይ ጋር መፎካከር አለበት። አብዛኛው ካሜራ ከፍላሽ ጋር የሚሠራው እስከ 1/200 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 አፐርቸሩ ወደ 11 ይሄዳል። 39ን በ11 አካፍሉት፤ 3 ሜትር ተኩል! አይኤስኦውን ብትጨምሩ ፀሐይዋም አብራ ስለምትጨምር አያግዛችሁም። ለሙሽሮቹ ሁለት ብቻ ይበቃ ይሆናል፤ ሃያ ሰው ለሆነ ዘመድ አዝማድ ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ባለ 200 ዋት ሰከንዱ፣ ሦስት ያህል ትንንሽ ፍላሽ ተደምሮ ማለት ነው፣ ወደ 6 ሜትር ያደርሳችኋል።

እንግዲህ ምክሬ ይኼ ነው። ሥራችሁ ዳስ፣ ቤት ውስጥና ማታ ከሆነ በአራት ድንጋይ የሚሠራ፣ ጋይድ ነምበሩ 58 ወይም 60 የተጻፈበት፣ በእጅ የሚስተካከል ፍላሽ ይበቃችኋል። ከዚያ ያነሰ ግን አትግዙ። ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ስለምታሠሩት ይሞቃል፣ እስኪሞላም ስትጠብቁ ሙሽራዋ ታልፋለች። በተረፈው ብር ከካሜራው ነቅሎ የሚያስነሳ ትሪገርና ስምንት የሚሞላ ድንጋይ ግዙ። እንጀራችሁ የቀን የመስክ ፎቶ ከሆነ ግን ባለ 200ው ዋጋውን ያወጣል። እስከዚያ ድረስ የዋርካ ጥላ አለ፤ ኪራይ አይጠይቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ ቅዳሴ ላይ በቆመ ካህን ፊት ቦግ ማድረግ በትንሹም በትልቁም ፍላሽ ነውር ነው።

የመጨረሻ ቃሌ እንደ ታሪክ አስተማሪ ነው። የቀደሙት ፎቶ አንሺዎች ቤት ውስጥ ያልገቡት አቅም አጥሯቸው ነው። እናንተ አቅሙ አላችሁ፤ ፍላሹ ግን አሁንም የሚበራው ሙሽሮቹና ኬኩ ላይ ብቻ ነው። የጠላውን ጋን የጠበቁት፣ ሌሊቱን ሙሉ ወጥ ያማሰሉት እናቶች ዛሬም ጨለማ ውስጥ ናቸው። ከዳሱ ወደ ጓዳው አሥር እርምጃ ነው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ግቡና ሁለት ሦስት አንሱ። ማንም አይከፍላችሁም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የጎጃምን ኑሮ የሚያስተምር መምህር ግን የሚፈልገው ያንን ነው።

ቤታችሁ ውስጥ በፊልም ዘመን የተነሳ የዳስ ወይም የጓዳ ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ ፈልጉት፤ እናትና አባት በሕይወት እያሉ ዓመቱንና ቦታውን ጠይቃችሁ ጀርባው ላይ ጻፉበት። ባለቤቶቹ ከፈቀዱ እዚህ አስተያየት መስጫው ላይ አሳዩን። ፍላሽ ልትገዙ ያሰባችሁም የምትሠሩበትን ቦታ ጻፉልኝ፤ ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።

ሰላም ሁኑ!