በሽንት ስትሪፕ ላይ ያለችው ሮዝ ቀለም ከየት መጣች?

በመቱም፣ በጎሬም፣ በበደሌም ብዙዎቻችን ለምርመራ ሽንት ሰጥተን እናውቃለን። ባለሙያው ትንንሽ ባለቀለም ካሬዎች የተለጠፉበትን ቀጭን ስትሪፕ ነክሮ ያወጣል። ከካሬዎቹ አንዷ የናይትራይት ናት፤ ሮዝ ከሆነች በሽንት ቧንቧ ባክቴሪያ መኖሩን ትጠቁማለች። ዛሬ የዚህችን ቀለም ታሪክ እናንሳ፤ ተመራማሪዎች በዓይን የማይታይ ጋዝ የሚለኩት በእሷው ነውና።

ቀለሙን ያገኘው ጀርመናዊው ኬሚስት ፒተር ግሪስ ነው። ከ1862 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የሠራው በእንግሊዝ፣ በርተን ከተማ፣ በቢራ ፋብሪካ ነበር (የበደሌ ልጆች ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም)። እንጀራው ቢራው ነው፤ ልቡ ግን ኬሚስትሪው ላይ ነበር። በ1879 ናይትራይት ያለበት ፈሳሽ ከሁለት ኬሚካሎች ጋር ሲገናኝ እንደሚቀላ አሳየ።

መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። ፈንጂ የሚሠራበት ናይትሮግሊሰሪን የልብ ሕመምተኛን ለምን እንደሚያሽል ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1977 ፈሪድ ሙራድ፣ አባቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አልባኒያዊ የሆነ ሐኪም፣ መድኃኒቱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እንደሚለቅ ደረሰበት። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሥሩን የሚያላላ ነገር እንደሚያመነጭ አሳየ። በ1986 እሱና ሉዊስ ኢግናሮ ያ ነገር ይኸው ጋዝ ነው አሉ። ሦስቱም በ1998 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ታዲያ እንዴት ይለካ? ጋዙ በሰውነት ውስጥ ከሰከንዶች በላይ አይቆይም፤ ወደ ናይትራይትና ናይትሬት ይለወጣል። ስለዚህ የሚለካው ዱካው ነው። የግሪስ ቀለም የሚያየው ናይትራይትን ብቻ ስለሆነ፣ ናይትሬቱ አስቀድሞ በካድሚየም ወይም በኢንዛይም ወደ ናይትራይት ይመለሳል። ከዚያ ኬሚካሎቹ ይጨመራሉ፤ የቅላቱ መጠን በ540 ናኖሜትር ብርሃን ተነቦ፣ መጠኑ ከሚታወቅ ናሙና ጋር ይነጻጸራል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ጎመን በናይትሬት የበለጸገ ነው። ጎመን በልቶ የመጣ ሰው ደም ስለ ደም ሥሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ምሳውም ይናገራል!

በስትሪፗ ላይ የሚታየው ናይትራይት ግን ከደም ሥር የመጣ አይደለም፤ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ካለው ናይትሬት የሠሩት ነው። ይህን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋሉ፤ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሁሉም ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይት አይሠራም። ስለዚህ ሽንቷ የሚያቃጥላት እህታችን፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ስትሪፗ አልቀላችም ብላ ወደ ቤቷ አትመለስ፤ ሽንቱ በማይክሮስኮፕ ይታይላት፣ ሲቻልም ካልቸር ይሠራላት።