ልዩ ደንብ ጠቅላላውን ሲቀድም፤ ራውተሮች መንገድ የሚመርጡበት ሕግ

ሕግ ስንማር ገና በመጀመሪያው ዓመት ከሚነገሩን መርሆች አንዱ «ልዩ ሕግ ከጠቅላላ ሕግ ይቀድማል» የሚለው ነው። ለሁሉም የተጻፈ ጠቅላላ ሕግ እያለ፣ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የወጣ ልዩ ድንጋጌ ከተገኘ ዳኛው የሚይዘው ልዩውን ነው። እኔም ይህ መርህ ከፍርድ ቤት ግቢ የማይወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቢሮ ኢንተርኔቱ እስኪያስቸግረን ድረስ።

ቢሮአችን ሁለት የኢንተርኔት መስመሮች ነበሩት፤ አንዱ ዋና፣ ሌላው መጠባበቂያ። አንድ ሰኞ ጠዋት የደንበኞቻችን ሰነድ የሚቀመጥበት ሰርቨር አልከፈት አለ። የሚገርመው ሌላው ሁሉ ይሠራል። ኢሜይሉ ይሄዳል፣ ጋዜጣው ይነበባል። ሰርቨሩ ነው፣ ኬብሉ ነው፣ ቫይረስ ነው ስንል አራት ቀን አለፈ። ለቀጠሮ የምናቀርበው መልስ ከነማስረጃው እዚያው ውስጥ ነው፤ ቀጠሮው ደግሞ አይጠብቅም። በአምስተኛው ቀን የመጣ ወጣት ባለሙያ ራውተሩን ከፍቶ አንዲት መስመር ጽሑፍ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ሰርቨር የሚሄደው ሁሉ በመጠባበቂያው ይሂድ የሚል ትእዛዝ አለ። የመጠባበቂያውን ውል ደግሞ ባለፈው ሳምንት አቋርጣችሁታል። ኬብሉ እንደተሰካ ስለሆነ ራውተሩ መንገዱ አሁንም ያለ ይመስለዋል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እሱን አይናገርም።»

ይህች የመጨረሻ መልስ ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ።

ራውተር ምን ያደርጋል?

በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ፣ ደብዳቤም ይሁን ፊልም፣ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ተቆራርጦ ይጓዛል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የተቀባዩ አይፒ አድራሻ አለ። ራውተር መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ትራፊክ ነው። አድራሻውን ያያል፣ በውስጡ ያለውን የመንገድ ሠንጠረዥ ይመለከታል፣ እሽጉን ወደሚቀጥለው ጎረቤት ያሳልፋል።

ሠንጠረዡ የዓለምን አድራሻ ሁሉ አንድ በአንድ መዘርዘር የለበትም። በአብዛኞቹ ቢሮዎችና ቤቶች አንድ ጠቅላላ ደንብ ይበቃል፤ «ሌላ ትእዛዝ የሌለው ሁሉ በዚህ በር ይውጣ»። ባለሙያዎች ዲፎልት የሚሉት ይህ ነው፤ 0.0.0.0/0 ተብሎ ይጻፋል። ዜሮው አድራሻውን ምንም ሳይለይ ሁሉንም ያቅፋል ማለት ነው። ከ/ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከፍ እያለ ሲሄድ ክልሉ እየጠበበ ይሄዳል። /22 የሚባለው 1,024 አድራሻዎችን፣ /24 ደግሞ 256 አድራሻዎችን ብቻ ይይዛል።

የእኛ የሕግ ሰዎች መርህ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድን አድራሻ የሚመለከቱ ሁለት ደንቦች ሲገኙ ራውተሩ ጠባቡን ይመርጣል። ልዩው ይቀድማል።

ዲፎልቱን የመቅደሚያ ሦስት መንገዶች

አንደኛው አሁን ያልኩት ነው፤ ጠበብ ያለ ደንብ መጻፍ። በርቀት ለመሥራት የምንጠቀምባቸው አንዳንድ የቪፒኤን ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ኦፕንቪፒኤን፣ የሚሠሩት ዘዴ ያስደንቃል። ነባሩን ዲፎልት አይነኩትም። ዓለምን ለሁለት ከፍለው 0.0.0.0/1 እና 128.0.0.0/1 የሚሉ ሁለት ደንቦች ይጨምራሉ። ሁለቱ ተደምረው ዲፎልቱ የሚሸፍነውን ሁሉ ይሸፍናሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ከእሱ ስለሚጠቡ ይቀድሙታል። ቪፒኤኑ ሲዘጋ ሁለቱ ይነሣሉ፣ ነባሩም ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል። በሕግ ቋንቋ አልተሻረም፤ ተፈጻሚነቱ ታግዶ ነበር እንጂ። ጥቅሙም ጉዳቱም እዚህ ነው። ቪፒኤኑ ሳያስታውቅ ከተቋረጠ፣ በምስጢር ይሄዳል ብለን ያሰብነው ሁሉ በተለመደው በር እየወጣ መሆኑን ላናውቅ እንችላለን።

ሁለተኛው፣ ስፋታቸው እኩል በሆኑ ደንቦች መካከል ደረጃ መስጠት ነው። በሲስኮ ራውተሮች ለእያንዳንዱ የመረጃ ምንጭ የታማኝነት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ትንሹ ያሸንፋል። በቀጥታ ለተገናኘ ኔትወርክ 0፣ ሰው በእጁ ለጻፈው መንገድ 1፣ ኦስፒኤፍ በተባለው ፕሮቶኮል ለተገኘው 110፣ ሪፕ ለተባለው 120 ነው። ልብ በሉ፤ ሰው በእጁ የጻፈው ራውተሮች እርስ በርሳቸው ተጠያይቀው ካገኙት ይበልጣል። ሰው ከተሳሳተም ስህተቱ ከመሣሪያዎቹ እውቀት በላይ ሆኖ ይቀመጣል። የመጠባበቂያ መስመር በአግባቡ የሚደራጀው በዚህ ቁጥር ነው። ለመጠባበቂያው ዲፎልት ለምሳሌ 250 ከሰጡት፣ የዋናው መንገድ ከሠንጠረዡ እስኪወጣ ድረስ ተኝቶ ይጠብቃል።

ሦስተኛውና ጠንካራው በእንግሊዝኛው አጠራር ፖሊሲ ራውቲንግ የሚባለው ነው። ራውተር በተፈጥሮው «ወዴት ነህ?» ብሎ እንጂ «ከየት መጣህ?» ብሎ አይጠይቅም። በዚህ ዘዴ ግን ላኪውንም፣ የአገልግሎቱን ዓይነትም እንዲመለከት ይታዘዛል። የሒሳብ ክፍል በዋናው መስመር፣ የእንግዶች ዋይፋይ በሌላው ይሂድ ማለት ይቻላል። ይህ ትእዛዝ ሠንጠረዡ ከመታየቱ በፊት ስለሚፈጸም ሠንጠረዡን ብቻ የሚያይ ባለሙያ አያገኘውም።

አንድ አገር ዩቲዩብን ሲዘጋ

እስካሁን ያየነው በገዛ ቤታችን ስለምንጽፈው ደንብ ነው። ትልልቆቹ ኔትወርኮች ግን ቢጂፒ በሚባል ፕሮቶኮል «ወደነዚህ አድራሻዎች መሄድ የሚፈልግ በእኔ በኩል ይምጣ» እያሉ ለጎረቤቶቻቸው ያስታውቃሉ። ጎረቤት ለጎረቤት እየነገረ ዜናው በደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል። ስለዚህ የአንዱ ቤት ልዩ ደንብ አጥር ከዘለለ የሁሉም ደንብ ይሆናል።

የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። የፓኪስታን መንግሥት ሃይማኖትን ይነካል ባለው ቪዲዮ ምክንያት ዩቲዩብ በአገሩ እንዲዘጋ አዘዘ። ዩቲዩብ በወቅቱ 208.65.152.0/22 የተባለውን ክልል ያስታውቅ ነበር። ፓኪስታን ቴሌኮም ትእዛዙን ለመፈጸም ከዚህ ክልል ሩቡን፣ 208.65.153.0/24ን፣ የእኔ ነው የሚል መንገድ ጻፈ። ለአገር ውስጥ የታሰበው ይህ መንገድ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3፡47 ላይ ፒሲሲደብልዩ ወደሚባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ አመለጠ። ፒሲሲደብልዩም ሳያጣራ ለዓለም አሰራጨው። ጠባቡ ይቀድማልና፣ የዓለም ራውተሮች የዩቲዩብን ተመልካቾች ወደ ፓኪስታን ላኩ።

ዩቲዩብ ከሌሊቱ 5፡07 ላይ ያንኑ /24 ራሱ አስታወቀ። አሁን ሁለቱ እኩል ስለሆኑ እያንዳንዱ ኔትወርክ የሚቀርበውን መረጠ፤ ችግሩ በከፊል ተቃለለ። 5፡18 ላይ ከዚያም የጠበቡ ሁለት /25 ደንቦች ጨመረ። 6፡01 ላይ ፒሲሲደብልዩ ከፓኪስታን ቴሌኮም የተቀበለውን አነሣ። ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀው ግርግር አበቃ።

ሁሉም ራውተሮች ደንባቸውን አክብረዋል። አንዱም አልተበላሸም። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር።

አራት ምስክር

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ንብረቱ ለማን እንደሚሄድ በጠቅላላው ይደነግጋል። ይህ ዲፎልቱ ነው። ባለቤቱ የተለየ ነገር ከፈለገ ኑዛዜ ይጽፋል፤ የእሱ ልዩ ፈቃድም ጠቅላላውን ይቀድማል። ነገር ግን ሕጉ ይህን ሥልጣን በባዶው አልሰጠም። በቁጥር 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ዋጋ የለውም። ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው ሊፈርሙበት ይገባል። ከጠቅላላው የሚወጣ ሁሉ መውጣቱን በሰው ፊት ያሳይ ነው ነገሩ።

ቢጂፒ ሲነደፍ ይህን አልጠየቀም። «የእኔ ነው» ያለ ሁሉ ይታመን ነበር። አር.ፒ.ኬ.አይ የሚባለውና ማዕቀፉ እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ የወጣው ሥርዓት ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ባለአድራሻው «ይህን ክልል ሊያስታውቅ የሚችለው ይህ ቁጥር ያለው ኔትወርክ ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ መቆራረጥም አይቻልም» የሚል፣ በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ መግለጫ ያስመዘግባል። ለአህጉራችን ምዝገባውን የሚይዘው አፍሪኒክ ነው። በዚያች ምሽት ይህ ኖሮ ፒሲሲደብልዩ ቢያመሳክር፣ የፓኪስታኑ መንገድ ውድቅ ይሆን ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ የሚያረጋግጠው የመነሻውን ባለቤት እንጂ መንገዱን ሁሉ አይደለም። መዝገቡን የማያመሳክር ኔትወርክንም አያድነውም።

ምን ይደረግ?

ለአንባቢዬ ኢንጂነር ሁን አልልም። ነገር ግን ቢሮ የምትመሩ፣ ውል የምትፈርሙ ሰዎች ሦስት ነገር መጠየቅ ትችላላችሁ።

ልዩ ደንብ ሁሉ ከጎኑ ማን እንዳዘዘው፣ ለምን እንደተጻፈና መቼ መነሣት እንዳለበት ይጻፍበት። ራውተሮች ማስታወሻ ይቀበላሉ፤ ካልሆነም ደብተር አለ። መስመር ስታቋርጡ፣ ሠራተኛም ሲለቅ፣ ይህ መዝገብ ይታይ።

ደንቡ ከቤት እንዳይወጣ አጥር ይኑረው። ከአገልግሎት ሰጪ ጋር ስትዋዋሉ፣ ከደንበኞቹ የሚቀበላቸውን መንገዶች ያጣራ እንደሆነ ጠይቁት።

መመለሻም ይኑር። በጁኒፐር ራውተሮች አዲስ ደንብ በሙከራ አስገብቶ፣ ባለሙያው በጊዜው ካላጸደቀው ወደነበረበት እንዲመለስ ማዘዝ ይቻላል፤ ሌላ ካልተባለ የሚጠብቀው 10 ደቂቃ ነው። በርቀት ሆኖ ራሱን ደጅ የዘጋ ባለሙያ የዚህን ዋጋ ያውቃል።

በእኛ ቢሮ ያች አንዲት መስመር ተሰረዘች፤ ሰርቨሩ ወዲያው ተከፈተ። መልሳችንንም ለቀጠሮው አደረስን። ወጣቱ ከመሄዱ በፊት አዲስ ደብተር ሰጥቼው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሠራውን፣ ቀኑንና ስሙን አስጻፍኩት።

«ጋሼ፣ ለአንድ መስመር ይህ ሁሉ?» አለኝ እየሳቀ።

እኔም ከሥሩ በምስክርነት ፈረምኩበት።