የፊልም ባለሙያዎችና የሥራ ድርሻቸው በኢትዮጵያ ሲኒማ

ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ፊቸር ፊልም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚዘልቅና በሲኒማ ቤት ራሱን ችሎ የሚታይ ሥራ ሲሆን፣ በስክሪኑ ላይ የሚታዩት ተዋንያንና ከካሜራው ጀርባ የሚቆሙት የጥበብ፣ የቴክኒክና የአስተዳደር ባለሙያዎች ተቀናጅተው የሚያወጡት የጋራ ሥራ ነው። የእነዚህ ሰዎች ስምና ድርሻ በፊልሙ መግቢያና መጨረሻ ላይ ክሬዲት ተብሎ በሚታወቀው ዝርዝር ይሰፍራል። የኢትዮጵያ ፊልሞችን ክሬዲት በጥሞና የሚያነብ ሰው በሌላ አገር ለብዙ ባለሙያዎች የሚከፋፈለው ኃላፊነት እዚህ በጥቂቶች ትከሻ ላይ ወድቆ ያገኘዋል፤ አንድ ስም ደራሲ፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር ተብሎ ሲደጋገም፣ የድምፅ ቀራጩ ወይም የኮንቲኒዩቲ ባለሙያው ስም ግን አንዳንዴ ጭራሹን አይገኝም።

የፊልም ሥራ የሚጀምረው ከፕሮዲዩሰሩ ነው። ፕሮዲዩሰር የፊልሙን ገንዘብ የሚያፈላልግ ወይም ከኪሱ የሚያወጣ፣ የታሪኩን መብት በውል የሚያስጠብቅ፣ ባለሙያዎችን የሚቀጥርና ያለቀውን ሥራ ለሲኒማ ቤት የሚያቀርብ ኃላፊ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተሠራውና የመጀመሪያው የአማርኛ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም ተደርጎ የሚወሰደው ጥቁርና ነጭ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ሲዘጋጅ ፕሮዲዩሰሩ ኢላላ ኢብሳ፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ስለነበሩ፣ ሁለቱን ድርሻዎች ለይቶ መያዝ በአገሪቱ ከፊልሙ ሥራ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል። ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር የሚባለው ደግሞ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ሳይመራ በገንዘቡ፣ በስሙ ወይም በግንኙነቱ ፊልሙን የሚደግፍ ሰው ነው፤ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፈው ዳይሬክት ያደረጉት «ድፍረት» በዓለም አቀፍ ገበያ ሲቀርብ ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ የያዘችው ቦታ ይህ ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት ካገኘ በኋላ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ከታሪኩ መብት ጋር በተያያዘ ክርክር በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር፤ የፕሮዲዩሰር ሥራ ገንዘብ ከማግኘት ባሻገር ምን ያህል ከሕግ ጋር የተሳሰረ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ደራሲው ታሪኩን በሲን፣ ማለትም በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ በሚፈጸም የድርጊት ክፍል፣ እየከፋፈለ ድርጊቱንና ንግግሩን ይጽፋል። ዳይሬክተሩ ይህን ጽሑፍ ወደ ምስልና ድምፅ የሚለውጥ፣ ተዋንያኑን የሚመራና በሥነ ጥበብ ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ነው። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ጽፈውና ዳይሬክት አድርገው በኤዲቲንጉና በፕሮዲዩሰርነቱም የተሳተፉ ሲሆን፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። እንዲህ ያለው ድርሻን የማጣመር ልማድ አንድ ሰው ሐሳቡን ማንም ሳይበርዘው እስከ መጨረሻው ለማድረስ የሚመርጠው መንገድ ሊሆን ይችላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ በቪዲዮ የተቀረጹ ፊልሞች የሲኒማ ቤት ተመልካችን መሳብ ከጀመሩ ወዲህ ግን፣ ድርሻን ማጣመር ብዙ ጊዜ ከምርጫ ይልቅ ከገንዘብ እጥረት የመጣ ሆኗል። ራሱ የጻፈውን ራሱ የሚያዘጋጅና ወጪውንም ራሱ የሚሸፍን ሰው «ይህ ሲን ይውጣ» ብሎ የሚሞግተው ባልደረባ ስለማያገኝ፣ ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚታየው በስክሪፕቱ ላይ ነው።

ከዳይሬክተሩ ቀጥሎ ረዳት ዳይሬክተሩ የቀረጻውን የቀን ፕሮግራም ያወጣል፣ ቀረጻው በሰዓቱ መሄዱንም ይቆጣጠራል፤ ፕሮዳክሽን ማናጀሩ የመኪናውን፣ የምግቡንና የክፍያውን ነገር ይይዛል፤ ሎኬሽን ማናጀሩ ደግሞ የቀረጻ ቦታ ይመርጣል፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር ይዋዋላል፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ፈቃድ ያወጣል። የኢትዮጵያ ፊልሞች በአብዛኛው በስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ ቤት ሳይሆን ሰው በሚኖርበት ቤት ስለሚቀረጹ፣ የዚህ ባለሙያ ምርጫ የፊልሙን መልክም ወጪውንም ይወስናል። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለዚህ የሚመች አሰፋፈር አለው፤ በአሮጌው አየር ማረፊያና በብስራተ ገብርኤል አካባቢ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች፣ በጀሞ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች፣ በመካኒሳና በለቡ አሮጌና አዲስ መንደሮች ተቀራርበው ስለሚገኙ፣ ሀብታምና ደኻ ቤተሰብ የሚገናኙበትን ታሪክ የሚቀርጽ ቡድን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጥ ሁለቱንም ዓለም ያገኛል።

የምስሉ ኃላፊ ሲኒማቶግራፈሩ ወይም በአጭሩ ዲኦፒ የሚባለው ሲሆን፣ ሌንሱን፣ የካሜራውን እንቅስቃሴና ብርሃኑን ከዳይሬክተሩ ጋር ተመካክሮ ይወስናል። በሥሩ ካሜራውን የሚይዝ ኦፕሬተር፣ ተዋናዩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ እንዳይደበዝዝ ሌንሱን የሚያስተካክል ፎከስ ፑለር፣ የመብራት ክፍሉን የሚመራ ጋፈርና ካሜራው የሚቆምበትን ወይም የሚሄድበትን መሣሪያ የሚተክል ግሪፕ ይሠራሉ። በዓለም አቀፍ መድረክ የታወቁት የኢትዮጵያ ፊልሞች በዚህ ድርሻ ላይ ያላቸው ታሪክ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ተቀርጾ በ1976 የወጣውን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አሜሪካዊው ኤሊየት ዴቪስ፣ «ጤዛ»ን ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ፣ «ድፍረት»ን ፖላንዳዊቷ ሞኒካ ሌንቼቭስካ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኢትዮጵያ ፊልሞች የመጀመሪያው ሆኖ ለካን ፌስቲቫል ይፋዊ ዝርዝር የተመረጠውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ደግሞ ጆዜ ዴሼ ቀርጸዋቸዋል። በአንጻሩ ኢትዮጵያዊው ሲኒማቶግራፈር አብርሃም ኃይሌ ብሩ የቻዱን ዳይሬክተር የማሐማት ሳሌህ ሃሩንን «አቡና» እና «ዳራት» የቀረጹ ሲሆን፣ በኋላም በአዲስ አበባ የብሉ ናይል ፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን መሥርተዋል። ብቃቱ በአገር ልጅ እጅ ነበረ፤ የጎደለው ያን ብቃት በአገር ውስጥ ሥራ ላይ የሚያውል ገንዘብና ተቋም ነበር።

ከሁሉም ድርሻዎች ችላ የተባለው የድምፅ ሥራ ሲሆን፣ ችግሩም በቀረጻው ቦታ በቀላሉ ይታያል። በጀሞ ኮንዶሚኒየም በአንድ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ባልና ሚስት በዝግታ የሚነጋገሩበት ሲን ሲቀረጽ፣ ካሜራው የሚያየው ሁለቱን ሰዎች ብቻ ነው፤ ማይክሮፎኑ ግን ከላይ ፎቅ የሚወቀጠውን ቡና፣ ከታች የሚያልፈውን የቆራሌውን ጥሪ፣ የባጃጁን ሞተርና የልጆቹን ኳስ ሁሉ ይሰማል። የድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን አጥልቆ ፍሪጁን ያስነቅላል፣ ቡም የሚባለውን በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረ ማይክሮፎን የሚይዘው ረዳቱ ከምስሉ ክልል ሳይገባ ወደ ተናጋሪው አፍ እንዲቀርብ ያደርጋል፣ ጩኸት ሲገባም ቀረጻው እንዲደገም ይጠይቃል። ሲኑ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ጸጥ እንዲል አድርጎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይቀርጻል፤ ሩም ቶን የሚባለው ይህ ድምፅ በኤዲቲንግ ጊዜ የተቆራረጡትን ንግግሮች የሚያያይዝ ነውና፣ ያለ እርሱ በተመልካቹ ጆሮ ላይ በየንግግሩ መካከል ጉድጓድ ይፈጠራል። ይህን ሁሉ ሥራ ለካሜራው የራሱ ማይክሮፎን ትቶ ቀረጻ መጀመር፣ ፊልሙ ከወጣ በኋላ በምንም ገንዘብ የማይጠገን ጉዳት ነው።

የኮንቲኒዩቲ ባለሙያው ወይም ስክሪፕት ሱፐርቫይዘሩ ሥራም እንዲሁ የሚታወቀው ሲጎድል ነው። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል ስለማይቀረጽ፣ ተዋናይቱ ነጠላዋን በየትኛው ትከሻ ላይ እንደጣለች፣ ሲኒው ውስጥ ምን ያህል ቡና እንደቀረ፣ የግድግዳው ሰዓት ስንት እንደሚል በጽሑፍና በፎቶግራፍ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በጀሞ ከቤት ስትወጣ የታየችው ሴት ከሳምንት በኋላ በአሮጌው አየር ማረፊያ ቪላ በር ላይ ስትቀረጽ ያንኑ ጫማ እንድታደርግ ኃላፊነቱ የዚህ ሰው ነው። አልባሳቱን፣ ገጽ ቅቡንና የቤቱን ዕቃ የሚያዘጋጁት ባለሙያዎችም የሚሠሩት ይህን መዝገብ እያዩ ነው።

ተዋንያን በመሪ፣ በረዳትና በአጃቢ ይከፈላሉ፤ መርጦ የሚያቀርባቸው ካስቲንግ ዳይሬክተሩ ነው። የኢትዮጵያ ሲኒማ መሪ ተዋንያኑን ለረጅም ጊዜ ያገኘው ከቴአትር ቤቶች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተጫወቱት የቴአትር ባለሙያ ደበበ እሸቱ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ለመድረክ የሰለጠነ ድምፅና እንቅስቃሴ በቅርብ ለሚያይ ካሜራ እጅግ ሊገዝፍ ስለሚችል፣ ዳይሬክተሮች አንዳንዴ ትወናን በሙያነት የማያውቁ ሰዎችን ይመርጣሉ፤ የ«ላምብ»ን መሪ ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሬዲያት አማረ ገና ልጅ ነበር።

ቀረጻው ሲያልቅ ኤዲተሩ የተቀረጸውን መርጦ፣ ቆርጦና አያይዞ የፊልሙን ፍጥነት ይወስናል፤ ከለሪስቱ የምስሉን ቀለም ያስተካክላል፤ የሙዚቃ ባለሙያው ማጀቢያውን ይደርሳል። የ«ጤዛ»ን ሙዚቃ ጆርጋ መስፍን ከአሜሪካዊው ፒያኒስት ቪጃይ አየር ጋር ሠርተውታል።

በድርሻዎቹ ላይ ሴቶች ያላቸው ቦታ በአማርኛ ፊልም ጎላ ያለ ነው፤ «ረቡኒ»ን የሠሩት ቅድስት ይልማና «ያልታሰበው»ን ያዘጋጁት ሄርሞን ኃይላይ በደራሲነትና በዳይሬክተርነት ከታወቁት መካከል ናቸው። ሚሼል ፓፓታኪስ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ፊልም ስም የተሰየመው የጉማ ሽልማት በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር ከተዋንያንና ከዳይሬክተሮች አልፎ ለሲኒማቶግራፊ፣ ለኤዲቲንግና ለገጽ ቅብ ባለሙያዎችም እውቅና መስጠቱ፣ ከካሜራው ጀርባ ያሉት ስሞች በሕዝብ ፊት እንዲጠሩ አድርጓል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪዎች በስማቸው የመታወቅ መብትን የሚሰጥ ሲሆን፣ ተዋንያንን በተዛማጅ መብት ሥር ይጠብቃል፤ ስለሆነም እያንዳንዱ ፕሮዲዩሰር ካሜራው ከመነሣቱ በፊት የድምፅ ቀራጩንና የኮንቲኒዩቲ ባለሙያውን ጨምሮ የሁሉንም ባለሙያ ድርሻ፣ ክፍያና በክሬዲት ላይ የሚሰፍርበትን ስም በጽሑፍ ውል ሊያስቀምጥ ይገባል።