የመጠጥ ዕቃዎች ቅርፅና ስያሜ

የመጠጥ ዕቃን ቅርፅ አስቀድሞ የሚወስነው የተሠራበት ነገር ነው። የቀንድ ዋንጫ አፉ ሰፍቶ ወደ ግርጌው የሚጠበው የቀንዱ ተፈጥሮ እንዲሁ ስለሆነ ነው። የጠጅ ብርሌ ሆዱ የከበበውም የቀለጠ ብርጭቆ በትንፋሽ ሲነፋ እንደ አረፋ ስለሚያብጥ ነው። ቀጭን አንገቱ ግን ለጠጪው ይመቻል፤ በጣት ይያዛል፤ ዝንብና ትቢያም በቀላሉ አያስገባም።

ስያሜውም ብዙ ጊዜ ከዚያው ነገር ይመነጫል። «ብርጭቆ» የቁሱም የመጠጫውም ስም ነው። «ብርሌ»ም በዮሐንስ ራእይ 21፥20 ስምንተኛ ሆኖ ከተጠቀሰው የከበረ ድንጋይ፣ ከ«ቢረሌ» ጋር ይዛመዳል፤ የዚህም ምንጩ የግሪኩ «ቤሪሎስ» ነው።

ይሁን እንጂ ቁሱ ሲለወጥ ስሙ አይለቅም። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያሸነፈችው የአፍሪካ ዋንጫ ቀንድ አልነበረም፤ ሆኖም አዲስ ቃል አላስፈለገውም።

እንግዲህ ለቤተ ሙከራ ዕቃዎች ስያሜ የሚሻ ተርጓሚ ቃል ከመዋሱ በፊት ነባሮቹን ቢመረምር ይበጃል። ሆደ ክቡንና አንገተ ረጅሙን ዕቃ «ብርሌ» ቢለው፣ ተማሪው ቅርፁን ከስሙ ይረዳል። ነባር ስሞች ከነምክንያታቸው ካልተመዘገቡ ግን፣ ዕቃዎቹ ከአገልግሎት ሲወጡ አብረው ይጠፋሉ።