ቅኔና ኖታ በአንድ መድረክ

በአገራችን ዘመናዊው ቴአትርና ዘመናዊው ሙዚቃ አብረው ያደጉ መንትዮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የመድረክ ሰዎች ተውኔት መጻፉን፣ ግጥም መግጠሙንና ዜማ ማውጣቱን በአንድ ራስ የተሸከሙ ነበሩ።

ከእነዚህ ግንባር ቀደሙ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ተኮትኩቶ ያደገው ዮፍታሔ አዲስ አበባ ገብቶ መምህር በሆነ ጊዜ ቅኔውንና ዜማውን ከደብር ቅጽር አውጥቶ በተማሪዎቹ አንደበት ለመድረክ አበቃ።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ኬቮርክ ኖታ፣ ዮፍታሔ ሰምና ወርቅ ይዘው ተገናኙ። አንዱ በዜማ፣ ሌላው በግጥም የደረሱት ብሔራዊ መዝሙር እስከ አብዮቱ ዘመን ተዘመረ።

የፋሽስት ወረራ ዮፍታሔን ወደ ሱዳን አሰደደው፤ ከድል በኋላ ተመልሶ በ1939 ዓ.ም. አረፈ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት ሙዚቀኞችን በኖታ አሠለጠነ።

ከዚያ ወዲህ ሙያው ተከፋፈለ፤ ጸሐፌ ተውኔቱ ለብቻው፣ ሙዚቀኛው ለብቻው ቆመ። ሙያ ሲከፋፈል ይጠልቃል፤ ይህ የሚያስከፋ አይደለም። የሚያስከፋው ለመድረክ ተደርሶ ሳይጻፍ የሚቀረው ዜማ ነው፤ ከዘማሪው ጋር ይቀበራልና። መዝሙሩ ከደራሲዎቹ ዕድሜ የተሻገረው ቃሉም ዜማውም በወረቀት ስለ ሰፈረ ነው። እንግዲህ ከያኒን ማክበር የሚጀምረው ሥራውን ጽፎ ከማኖር ነው።