ከአሞሌ እስከ እንክብል

የዋግ ደጋ የማዕድን ታሪክ በጨው ይጀምራል። ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው አሞሌ በሲራራ ተጭኖ ሽቅብ ይወጣና ሰቆጣ ገበያ ላይ ይራገፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። ገንዘብ የሆነ ነገር ወጥ ላይ እንደልብ አይነሰነስም፤ ያ ቁጠባ የዋጓን ወረዳ የጋዝጊብላን እናቶች ሳያውቁት ከደም ግፊት ሳይጠብቃቸው አልቀረም ብዬ አምናለሁ።

ቀጣዩ ዘመን ጨውን መድኃኒት ተሸካሚ አደረገው። ደገኛውን ሲያስቸግር የኖረው እንቅርት የአዮዲን እጥረት ውጤት ነውና፣ በ2003 ዓ.ም የወጣው ደንብ የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ። አፍዴራ ሐይቅ ዋናው ምንጭ ሆነ። በ2007 ዓ.ም ደግሞ በዚያችው የጨው ገበያ ከተማ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ታወጀ። ነፍሰ ጡሮችም የብረት እንክብል ይታደላቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ማዕድን ሴትን የተከተላት በመውለጃ ዕድሜዋ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናታችንም ሴቶችን የሚጠይቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ የደም ቅዳ ዋናው ፈተና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነውና። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን ይቀንሳል፤ የደም ቅዳ ግድግዳ ልስላሴውን እያጣ ይደድራል፣ ግፊትም ይጨምራል። ካልሲየም ከአጥንት እየሳሳ፣ በደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ግን ሲጋገር ይታያል።

ሀብታሙ ዓለም መልሱን በካልሲየም እንክብል ፈለገ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆኑ 36,282 ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር ሰጥቶ፣ ልብን ሲጠቅምም ሲጎዳም አላገኘም፤ የኩላሊት ጠጠር ግን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኒውዚላንድ ጥናት፣ በ1,471 ሴቶች ላይ፣ ካልሲየም በወሰዱት ዘንድ ድንገተኛ የልብ ጥቃት በርክቶ አየ። ክርክሩ የባለሙያዎች ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ልዩነቱ ይህ ነው፦ እንክብል የደምን ካልሲየም ባንዴ ከፍ ያደርገዋል፣ ምግብ ግን ቀስ ብሎ ይሰጣል። 100 ግራም ጤፍ ወደ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይዟል፤ የዋግ ፍየል ወተት ይታከልበት።

የቅርቡ ምዕራፍ ወደ ጨው ይመልሰናል። በቻይና 600 መንደሮች በተካሄደ ሙከራ፣ ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው የተሰጣቸው ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደወጣው ውጤት፣ በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው በ14 ከመቶ ቀነሰ። ለዚህ ዓይነቱ ጨው ጋዝጊብላ አዲስ መንገድ አያስፈልጋትም፤ አዮዲኑ የሚገባበት አለ። ኩላሊታቸው የደከመ እናቶችን ግን ፖታሲየም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዕደላው ከጤና ጣቢያው ምርመራ ጋር መታሰር ይኖርበታል።